ለደስታም ተራ ይሰጠው

በወጣቶች ኅብረት ስለ ጊዜ አጠቃቀም ስንማር ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ጥያቄ፣ "ጊዜያችንን በምን አባከንነው?" የሚለው ነው። መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በስልክ፣ በኳስ፣ በወሬ። ከዚያም የንስሓ ጸሎት እንጸልያለን፤ በሳምንቱ ያው ጥያቄ ያንኑ መልስ ይዞ ይመለሳል። ዛሬ ላነሳ የምፈልገው የዚህ ጥያቄ ጎረቤት የሆነ፣ ግን ብዙ ያልተነካ ጥያቄ ነው። ሰው ደስ ለሚለው ነገር ጊዜ መስጠቱ ተገቢ ነውን? ተገቢ ከሆነስ ለምን እንደ ሌባ ተደብቀን እናደርገዋለን?

"ተደብቀን" ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ልብ ወለድ የሚያነብ ወጣት የአባቱን ኮቴ ሲሰማ መጽሐፉን ከትራስ ሥር የሚከተው ለምንድን ነው? መጽሐፉ ነውር ስላለበት አይደለም፤ "ሥራ ፈት" እንዳይባል ነው። ሥዕል መሳል የምትወድ እኅት "ለሕፃናት አገልግሎት ነው" ብላ ካላስረዳች እርሳስ ለማንሳት ድፍረት የላትም። ኳስ የሚጫወተው "ለጤና" ይላል፤ ጊታር የሚለማመደው "ለአምልኮ" ይላል። ጤናም አምልኮም መልካም ናቸው። ነገር ግን ደስታ በራሱ ስም በበር መግባት አቅቶት ሁልጊዜ የሌላ ሰው መታወቂያ ይዞ የሚገባ ከሆነ፣ በአስተሳሰባችን ውስጥ መመርመር ያለበት ነገር አለ።

ቋንቋችን ከእኛ ይልቅ ለጋስ ነው። "ጨዋታ" የምንለው ቃል የልጆችን ሩጫም የአዋቂዎችን ወግም ይይዛል። እንግዳ ቤት ሲመጣ ወንበር ሰጥተን "ተጫወቱ" እንላለን፤ ሥራውን ትተን አብረን እንቀመጥ ማለታችን ነው። የዐፄ ቴዎድሮስን ዜና መዋዕል የጻፉት አለቃ ዘነብ ለሌላው ሥራቸው የሰጡት ርእስ "መጽሐፈ ጨዋታ ሥጋዊ ወመንፈሳዊ" የሚል ነው። ሥጋዊውንና መንፈሳዊውን በአንድ "ጨዋታ" ሥር ማስቀመጣቸው ለዛሬው ወጣትም የሚናገረው ነገር አለ። እኛ መንፈሳዊውን ወደ አንድ ጥግ፣ ጨዋታውን ወደ ሌላ ጥግ አድርገን በመካከላቸው አጥር ሠርተናል።

በዚህ ጉዳይ ከጥንት ጀምሮ ብዙ ተብሏል። አሪስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ የጨዋታን ነገር ሲመረምር፣ ጨዋታ የሕይወት ግብ ሊሆን አይችልም፤ ሰው የሚጫወተው አርፎ ወደ ቁም ነገሩ ለመመለስ ነው ይላል። አብዛኞቹ ወላጆቻችንና መምህሮቻችን አሪስቶትልን ሳያነቡ የሚስማሙበት ሐሳብ ነው፤ "ትንሽ ተጫወትና አጥና" ይሉናል። ሐሳቡ እውነት አለበት፤ ሙሉው እውነት ግን አይመስለኝም። ዕረፍት ለሥራ ስንቅ ብቻ ከሆነ፣ ነገ ሥራ የሌለው ሰው ዛሬ ማረፍ አይገባውም ማለት ነው። ታዲያ ጡረታ ለወጡ አባት፣ ሥራ ፍለጋ ላይ ላለ ተመራቂ፣ አልጋ ላይ ለዋለ ሕመምተኛ ደስ የሚል ነገር አይገባቸውም ልንል ነው? በዘፍጥረት መጽሐፍ እግዚአብሔር በሰባተኛው ቀን ያረፈው ደክሞት አይደለም፤ በማግሥቱ የበለጠ ለመሥራትም አይደለም። የሠራው ሁሉ መልካም እንደ ሆነ አይቶ ነው ያረፈው። ዕረፍቱ የሥራው ፍጻሜ እንጂ የሌላ ሥራ ነዳጅ አልነበረም።

አውግስጢኖስ ደግሞ ነገሮችን ሁሉ ለሁለት ከፈላቸው፤ የምንጠቀምባቸውና ደስ የምንሰኝባቸው ብሎ። በመጨረሻ ስለ ራሱ ሲባል ደስ ልንሰኝበት የሚገባው እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ሌላው ወደ እርሱ የሚወስድ መንገድ ነው ይላል። ይህ ጠቃሚ ማስጠንቀቂያ ነው፤ መንገዱን ቤት አድርጎ የተቀመጠ መንገደኛ ካሰበበት አይደርስም። ይሁን እንጂ መጽሐፈ መክብብ ደጋግሞ እንደሚያስተምረው፣ ሰው በልቶና ጠጥቶ ከድካሙም ደስታን ማግኘቱ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ስጦታ የተቀበለ ሰው ሰጪውን የሚያከብረው ስጦታውን ሳይፈታ መደርደሪያ ላይ በማስቀመጥ አይደለም።

የሙሴ ሕግ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። ዘሌዋውያን 23 በዓላትን በወርና በቀን ለይቶ ይዘረዝራል። ዘዳግም 16 ስለ ዳስ በዓል ሲናገር ሕዝቡ ሰባት ቀን ሙሉ እንዲደሰት ያዛል፤ አብረው የሚደሰቱትንም ይቆጥራል፤ ወንድና ሴት ልጅ፣ ወንድና ሴት አገልጋይ፣ ሌዋዊው፣ መጻተኛው፣ ድሀ አደጉና መበለቲቱ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ደስታ ቀን ተቆርጦለታል፤ "ጊዜ ሲተርፍ" አልተባለም። ሁለተኛ፣ ደስታው የባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ አገልጋይቱም በስሟ ተቆጥራለች። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ላይ የቆመ ነው።

አሁን ወደ ደብተሩ እንምጣ። "በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል" እንላለን። ማስታወሻ መያዝ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የስብከት ነጥብ የምንጽፍበት ደብተር አለን፤ የጥሞና ማስታወሻ አለን፤ የጸሎት ርእሶች የምንመዘግብበትም አለን። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ግን "ዛሬ ምን ደስ አለኝ? ነገስ ለየትኛው ደስታ ጊዜ ልስጥ?" የሚል ገጽ እምብዛም አይገኝም።

በወንጌላውያን ዘንድ የዕለት ማስታወሻ ረጅም ታሪክ አለው። ጆን ዌስሊ እ.ኤ.አ. በ1725 በኦክስፎርድ ሳለ ማስታወሻ መያዝ ጀመረ፤ ኋላም ሰዓቱን በምን እንዳሳለፈ በአጭር ጽሕፈትና በምስጢር ምልክት እየመዘገበ ራሱን ይመረምር ነበር። ልማዱ ከሚሲዮናውያን ጋር ወደ አገራችንም መጥቷል። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1842 ከሸዋ ተነሥቶ በወሎ ሲያልፍ ንብረቱን ተዘርፏል፤ ጉዞውን ግን መዝግቦ አቆይቶታል፤ የእርሱና የባልደረባው የኢዘንበርግ የዕለት ማስታወሻም በ1843 ለንደን ላይ ታተመ። ዌስሊ ደብተሩን እንደ ዳኛ፣ ክራፕፍ እንደ ምስክር ተጠቀሙበት ማለት እንችላለን። ሦስተኛ መንገድም አለ። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በግለ ታሪኩ ውስጥ ባስቀመጠው የቀን ሰሌዳ ለሥራ ሰዓት ከመደበ በኋላ፣ ምሽቱን ለሙዚቃ፣ ለመዝናናትና ለጨዋታ ይሰጣል። ፍራንክሊን የእምነት መምህራችን አይደለም። ነገር ግን በታታሪነቱ የሚጠቀስ ያ ሰው ደስ ለሚለው ነገር በሰሌዳው ላይ አንድ መስመር አልነፈገውም።

ለሀብሩ ልጅ ይህን በመስኖ ማስረዳት ይቀላል። መርሳና አካባቢዋ ማንጎና ብርቱካን የሚያበቅሉት ውሃ ስላለ ብቻ አይደለም፤ ውሃው ተራ ስላለውም ጭምር ነው። ከቦዩ ራስ አጠገብ መሬት ያለው ሰው ማንም ባያስታውሰው ውሃ አያጣም፤ በደጁ ያልፋል። በቦዩ መጨረሻ ያለው ግን ቀኑና ሰዓቱ ካልተለየለት፣ የውሃ አባቱም ካልጠበቀለት፣ ማሳው ይደርቃል። ላይኛው ክፉ ሰው ስለሆነ ላይሆን ይችላል። ቦይ ክፍት ከሆነ ውሃ አስቀድሞ ወደ ቅርቡ ይገባል።

የእኛም ሳምንት እንዲሁ ነው። ፈተና፣ የቤት ሥራ፣ የመዘምራን ልምምድ፣ ለቅሶ፣ ሠርግና የገበያ ቀን በቦዩ ራስ ላይ ናቸው፤ የሚጠይቅላቸው ሰው አለ። ስልካችን ደግሞ ከሁሉ በላይ ከምንጩ አፍ ላይ ተቀምጧል። ከአያት ጋር ቁጭ ብሎ የድሮ ነገር መስማት፣ ክራር መማር፣ ግጥም መጻፍ፣ ከጓደኛ ጋር ማታ ማታ በእግር መሄድ ግን በቦዩ ጭራ ላይ ናቸው። ቢቀሩ ማንም አይቆጣም፤ ማንም ደውሎ "ለምን ቀረህ?" አይልም። ስለዚህ በየሳምንቱ ይቀራሉ፤ ዓመቱም እንዲሁ ያልፋል። ደብተሩ ለእነዚህ የውሃ አባት ይሆናል። ውሃ አይፈጥርም፤ ተራ ይጠብቃል።

እንዴት ይጀመራል? ባለ 32 ሉክ ደብተር ይበቃል። ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ አምስት ደቂቃ ወስዳችሁ ሦስት ነገር ጻፉ፤ ምን አደረግሁ፣ ምን ያህል ሰዓት ወሰደ፣ ከጨረስሁ በኋላስ ምን ተሰማኝ። ዋናው ሦስተኛው ነው። እዚሁ ሀብሩ ውስጥ በሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚሠሩ ባለሙያዎች አንድን የማሽላ ዝርያ "ቡቃያው ያምራል" ብለው ለገበሬ አይሰጡም። የተዘራበትን፣ ያበበበትንና የደረሰበትን ቀን፣ የሰጠውንም ምርት መዝግበው ከሌላው ጋር ያነጻጽራሉ። በቡቃያው ያማረ ሁሉ በአጨዳ አይሰጥምና። ደስታም በጅማሬው ብቻ አይመዘንም።

እንዲህ ስትመዘግቡ በቅርብ ጊዜ አንድ ልዩነት ይገለጥላችኋል። አንዳንዱ ነገር ሲጀመር ይጣፍጣል፤ ሲያልቅ ግን ባዶ ያስቀራል። አጭር አጭር ቪዲዮ እያዩ ሁለት ሰዓት ያሳለፈ ሰው፣ ማታ "ምን አየህ?" ቢባል አንዱን እንኳ ማስታወስ ያቅተዋል። ሌላው ነገር ሲጀመር ይከብዳል፤ ከቤት መውጣት፣ ሰው መጥራት፣ መሣሪያ ማስተካከል ይጠይቃል። ሲያልቅ ግን ልብን አስፍቶ ይተዋል። የመጀመሪያውን "የሚጎትተኝ"፣ ሁለተኛውን "ደስ የሚለኝ" ብለን እንለያቸው። በስልክ የሚደረግ ሁሉ ከመጀመሪያው ነው ማለቴ አይደለም፤ ራቅ ካለች እኅት ጋር በስልክ መሳቅ "ደስ የሚለኝ" ከሚለው ወገን ሊገባ ይችላል። ደብተሩ ሕግ አያወጣም፤ ፍሬውን ያሳያል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ "ደስ የሚለኝ" ከተባሉት ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት መርጣችሁ ለሚቀጥለው ሳምንት ተራ ስጧቸው። ሲጻፍም ምን፣ መቼ፣ ከማን ጋር ተብሎ ይጻፍ። "አንድ ቀን ክራር እማራለሁ" ምኞት ነው። "ሐሙስ ከ11 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል፣ ከጓደኛዬ ጋር፣ አንድ ቅኝት" ተራ ነው። አንድ ሳምንት 168 ሰዓት አለው። በሳምንት ሦስት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ብንሰጥ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ብዙዎቻችን "ጊዜ የለኝም" ስንል "ተራ አልሰጠሁትም" ማለታችን ነው።

"ብዙዎቻችን" አልኩ እንጂ "ሁላችን" አላልኩም። በአንድ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ወንድምና እኅት አስቡ። ሁለቱም ተማሪዎች ናቸው፤ ሁለቱም ደብተር ያዙ እንበል። በወንድም ደብተር "ከ10 እስከ 12 ሰዓት ኳስ ተጫወትኩ፤ በጣም ደስ አለኝ" ተብሎ ተጽፏል። በእኅት ደብተር "ከ10 እስከ 12 ሰዓት እንጀራ ጋገርኩ፣ ዕቃ አጠብኩ፣ የወንድሜን ማልያ አጠብኩ፤ ደከመኝ" የሚል አለ። ሁለቱን ደብተሮች ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ሰዓቱ አንድ ነው። ለእርሷ "ተራ ስላልሰጠሽው ነው" ብሎ መምከር ስድብ ይሆናል። የእርሷ ውሃ ወደ ሌላ ማሳ ዞሯል።

ስለዚህ በደብተሩ ላይ አራተኛ ረድፍ ያስፈልጋል፤ "እኔ ደስ ሲለኝ የቤቱን ሥራ ማን ሠራ?" የሚል። የዚህ ጽሑፍ ትልቁ ጥያቄ ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። ደስታ ተገቢ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ሰዓቱን የከፈለው ማን እንደ ሆነ ይጠየቃል። ዘዳግም አገልጋይቱን ከበዓሉ ዝርዝር ውስጥ ያስገባት የጌቶቿ ደስታ በእርሷ ድካም ብቻ እንዳይገዛ ነው። መድኃኒቱም ወንድም ኳሱን መተው አይደለም። ማክሰኞና ሐሙስ ዕቃውን እርሱ ይጠብ፤ እኅቱም በእነዚያ ምሽቶች የራሷን ተራ በራሷ ደብተር ላይ ትጻፍ። ይህን ያደረገ ወጣት ስለ ፍቅር ብዙ ከሚሰብከው በላይ ሰብኳል።

ሌላው ጥያቄ ከበድ ይላል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በጦርነት ያለፉባቸውን ወራት የሚረሳ የለም። ከዚያ ወዲህም ሐዘኑ፣ የኑሮ ውድነቱና ሥጋቱ ከቤታችን ፈጽሞ አልወጡም። "ጎረቤቴ እያለቀሰች፣ እኔ ደስ ስለሚለኝ ነገር በደብተር ልጽፍ ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ወጣት የሚያሳፍር ጥያቄ አልጠየቀም፤ ልቡ በሕይወት መኖሩን ነው ያሳየው።

መልሱን ከመጽሐፈ ነህምያ እንፈልግ። የመጽሐፉ ትልቁ ክፍል ነህምያ በራሱ አንደበት የተረከው ማስታወሻ ነው። ከተማይቱ ቅጥሯ ፈርሶ በሮቿም ተቃጥለው ነበር። ሕዝቡ ለእህል ሲል እርሻውን በመያዣ እስከ ማስያዝ በዕዳ ተጨንቆ ነበር። ቅጥሩ በ52 ቀን ተጠናቀቀ፤ ዙሪያው ግን ገና ሥጋት ነበረ። በምዕራፍ 8 ሕጉ ሲነበብ ሕዝቡ አለቀሰ። ዕንባው የእውነት ዕንባ ነበር። መሪዎቹ ግን ልቅሶውን እንዲተዉ ነግረው ወደ ማዕድ ሰደዷቸው፤ ምንም ላልተሰናዳለትም ሰው ድርሻ እንዲልኩ አዘዟቸው። ቀጥሎም የዳሱን በዓል አከበሩ። ሁሉ ነገር እስኪስተካከል አልጠበቁም። ደስታቸውም የጎረቤትን ሰሐን ረስቶ አልወጣም።

የእኛም ባህል ይህን ጥበብ ያውቀዋል። ለቅሶ ቤት የሚያድሩ ሰዎች ቀኑ ጥቂት ካለፈ በኋላ ጨዋታ ያመጣሉ። ሟቹን ረስተው አይደለም፤ ሐዘንተኛው በሐዘኑ እንዳይዋጥ ነው። ከሚያለቅሱ ጋር ማልቀስና ደስ ከሚላቸው ጋር ደስ መሰኘት በአንድ ልብ ውስጥ ሊኖሩ እንደሚችሉ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች አስተምሯል። በሰፈር ድንኳን ሲተከል የዚያን ቀን ተራችንን እንለውጣለን፤ ለውጠንም በደብተሩ ላይ ሌላ ቀን እንጽፍለታለን። ተራ ይለወጣል፤ አይሰረዝም።

ሦስተኛ ጥያቄ፦ በቀጠሮ የመጣ ደስታ ደስታ ነውን? ደስታ በድንገት ሲመጣ ነው የሚያምረው የሚሉ አሉ። በእርግጥ ደስታ አይታዘዝም። በደብተር የምንጽፈው ግን ደስታውን አይደለም፤ ሰዓቱንና ቦታውን ነው። ቡናችንን ተመልከቱ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሥርዓት አለው። "ዛሬ በቶናው ላይ እንስቃለን" ብሎ የሚያቅድ የለም። ሳቁ የሚመጣው ግን አንድ ሰው አስቀድሞ ከሰሉን ስላያያዘ፣ ጎረቤትም ስለተጠራ ነው። ከሰል ያላያያዘ ቤት ድንገተኛውን ሳቅም አያገኝም።

ደብተሩ አዲስ ቀንበር እንዳይሆን ግን እንጠንቀቅ። ጌታችን ስለ ሰንበት ያስተማረው ለደብተርም ይሠራል፤ ደብተሩ ለእኛ ነው እንጂ እኛ ለደብተሩ አይደለንም። አንድ ተራ ካለፈ ራሳችሁን ሳትከሱ ወደሚቀጥለው ቀን አሻግሩት። ገጹን ለማሳመር አትድከሙ። የሌላውን ደብተር ሳይፈቅድላችሁ አትክፈቱ፤ በጠባብ ቤት ውስጥ ብዙ ሆነን ስንኖር አንድ ደብተር የግል ሆኖ መከበሩ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ቁም ነገር ልጨምር። ለሁለት ሳምንት መዝግባችሁ ቀድሞ ትወዱት የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም አጥቶ ካገኛችሁት፣ እንቅልፍና ምግብም ከተዛቡ፣ ይህ የስንፍና ወይም የእምነት ማነስ ምልክት ነው ብላችሁ አትደምድሙ። የታወቀ የሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። ለምታምኑት ሰው ንገሩ፤ ወደ ጤና ባለሙያም ሂዱ። ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም።

ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ዘመንን ስለ መዋጀት ጽፏል። ይህን ብዙ ጊዜ የምንሰማው "ያለ ዕረፍት ሥሩ" በሚል ትርጉም ነው። መዋጀት ግን የተማረከን መልሶ መግዛት ነው። ከእኛ የተማረከው የጥናት ሰዓት ብቻ አይደለም፤ ከአያት ጋር የምንጫወትበት፣ የምንዘምርበት፣ የምንስልበት፣ ሰማይ የምናይበት ሰዓትም ተማርኳል። እርሱም ይዋጅ። በዚህ ሳምንት ደብተራችሁን ስትከፍቱ ሁለት ነገር ጻፉበት፤ አንዱ ደስ ለሚላችሁ ነገር የምትሰጡት ሰዓት ይሁን፣ ሌላው እርሱም ደስ እንዲለው ሥራውን የምትቀበሉለት ሰው ስም።